ምላሱ ስለ ታሰረ ሕፃን

ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ወጥቶ ወደዚህ ዓለም በገባ ጊዜ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቀው ሥራ ሁለት ነው፤ አንደኛው ማልቀስ፣ ሁለተኛውም መጥባት። ማልቀሱን ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል፤ አጠባቡን ግን ከእናቱ በቀር የሚመለከተው የለም። እናቲቱም ልጁ የመጀመሪያዋ ከሆነ ደኅና አጠባብ ምን እንደሚመስል አላየችምና፣ ጡቷ ሲቈስል፣ ልጇም ሌሊቱን በሙሉ ጡት ጐርሶ ሳይጠግብ ሲያነጋ፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርገዋለች። ወተቴ አነሰ ትላለች፤ ጡቴ ለልጄ አልተስማማውም ትላለች። ሊጠይቋት ከመጡት ዘመዶችም አንዱ የላም ወተት፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ የቆርቆሮ ወተት ይመክራታል። በዚህ ሁሉ መካከል የሕፃኑን አፍ ከፍቶ ምላሱን ያየለት ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ዛሬ ስለዚህች ምላስ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን። ይህ የሐኪሞች ነገር ነው፤ ሹምንና ካህንን ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። ነገር ግን ሹሙ የጤና ጣቢያውን ሥራ የሚቈጣጠር ነው፤ ካህኑም ሐኪም ከማይገባበት ቤት የሚገባ የነፍስ አባት ነው። ምላሱ የታሰረ ሕፃን ሐኪም ሳያየው ይቀራል፤ ወይም ሐኪም ያልሆነ ሰው ምላጭ ይዞ ይቀርበዋል፤ ወይም ደግሞ በሌሎች አገሮች እንደ ታየው ምንም ያልጐደለበት ሕፃን ታስሯል ተብሎ ይቈረጣል። ሦስቱም ጥፋት ነው። ከሦስቱም የሚጠብቀን አንድ ነገር ቢኖር፣ የሕፃኑን አፍ በጊዜው ለሚያውቅ ሰው ማሳየት፣ የሚያየውም ሰው ከምላሱ መልክ ይልቅ የምላሱን ሥራ እንዲመረምር ማድረግ ነው።

ከምላስ ሥር ተነሥታ እስከ አፍ ወለል የምትዘረጋ አንዲት ስስ እጥፋት አለች። ምላሱን ወደ ላይ አንሥቶ በመስተዋት የተመለከተ ሰው ሁሉ ያገኛታል። በላቲን ቋንቋ የተሰጣት ስም ትንሽ ልጓም ማለት ነው፤ ስሙ የተስማማ ስለ ሆነ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልጓም እንላታለን። (ሽማግሌዎቻችን ምላሱ ልጓም የለውም እያሉ የሚነቅፉት ሰው እንኳ ይህችኛዋን ልጓም አላጣትም።) ልጓም መኖሯ ሕመም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒው ዚላንድ ሐኪሞች ነገሩን በጥልቅ መርምረው፣ ይህች ልጓም ቀድሞ ይታሰብ እንደ ነበረው ለብቻዋ የቆመች ገመድ እንዳልሆነች፣ ምላስ በተነሣ ጊዜ የአፍ ወለል ሽፋን ተስቦ የሚሠራት እጥፋት እንደ ሆነች አስረድተዋል። ሕመም የምትሆነው ከመጠን በላይ ያጠረች፣ ወይም የወፈረች፣ ወይም እስከ ምላስ ጫፍ ድረስ የተጣበቀች ሆና ምላስን ከእንቅስቃሴ የከለከለች እንደ ሆነ ነው። ከ100 ሕፃናት ከ4 እስከ 11 የሚሆኑት እንዲህ ሆነው እንደሚወለዱ ይገመታል። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበዛል፤ በአንዳንድ ቤተ ሰብም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ይታያል።

ሕፃን በከንፈሩ ብቻ የሚጠባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ደኅና የሚጠባ ሕፃን አፉን በሰፊው ይከፍትና ከጡቱ ጫፍ ጋር በዙሪያው ያለውን ጠቈር ያለ ገላ አብሮ ይጐርሳል። ምላሱን ከታችኛው ድድ አሳልፎ ከጡቱ ሥር ያነጥፈዋል። ከዚያም የምላሱን መካከል ዝቅ ባደረገ ጊዜ በአፉ ውስጥ ባዶ ስፍራ ይፈጠራል፤ ወተቱም ወደዚያ ባዶ ስፍራ ተስቦ ይገባል። ምላሱ ታስሮ ወደ ፊት መውጣት ያልቻለ ሕፃን ግን ጡቱን በድዱ ይነክሳል፤ የሚደርሰውም ጫፉን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የምዕራብ አውስትራልያ ምርመራ በ24 እናቶችና በልጆቻቸው ላይ ተደርጎ፣ ምላሳቸው የታሰረ ሕፃናት ጡትን እንዴት እንደሚጨምቁት በአልትራሳውንድ መሣሪያ አሳይቷል፤ ልጓሟ ከተቈረጠች በኋላም የእናቶቹ ሕመም እንደ ቀነሰ፣ ሕፃናቱም የሚጠቡት ወተት እንደ ጨመረ ተጽፏል።

ምልክቱ በእናትም በልጅም ላይ ይታያል። እናቲቱ ሕፃኑ ጡት በያዘ ጊዜ ሁሉ ጥርሷን ነክሳ ትታገሣለች፤ የጡቷ ጫፍ ይሰነጠቃል፤ ሕፃኑ ሲለቀውም ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ተጨመቀ ጠፍጥፎ ይወጣል። ወተቱ ተሟጦ ስለማይወጣ ጡቷ ይወጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ትኵሳት ያለው የጡት ሕመም ይከተላል። ሕፃኑ ደግሞ ጡቱን ደጋግሞ ይለቃል፤ ሲጠባ የመጠቅጠቅ ድምፅ ይሰማበታል፤ ወተት ከአፉ ዳር ይፈስሳል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቶ ወዲያው እንደ ገና ይራባል። ባለቀሰም ጊዜ ምላሱ ሳይነሣ ከወለሉ ተጣብቆ ይቀራል፤ ጫፉም በመካከል ወደ ውስጥ ተስቦ የልብ ቅርጽ ይሠራል።

ይህን ያነበበ አባት ተነሥቶ የልጁን አፍ ከፍቶ ልጓም አየሁ ብሎ እንዳይሸበር እንለምናለን። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጽሑፍ፣ የታሰረ ምላስ መልክ ካላቸው ሕፃናት ጡት መጥባት የሚቸግራቸው ከግማሽ እንደሚያንሱ ገልጿል። እንግዲህ ልጓሟ እየታየች በደኅና የሚጠባ፣ ክብደቱም የሚጨምር ሕፃን ምንም አያስፈልገውም። የሚያስቸግር ነገር ሲኖርም የመጀመሪያው ሥራ መቀስ ማንሣት አይደለም። ይህን ሥራ የተማረች አዋላጅ ነርስ እናቲቱ ስታጠባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ማየት አለባት። የሕፃኑ ሆድ ወደ እናቱ ሆድ ዞሮ፣ አንገቱ ሳይጣመም፣ አገጩ ጡቱን ነክቶ፣ አፉ በሰፊው ተከፍቶ እንዲይዝ ታስተካክለዋለች። ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ሕመሙ ይወገዳል። ክብደትም መመዘን አለበት፤ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከክብደቱ እስከ 10 በመቶ ድረስ ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የልደቱን ክብደት መልሶ ሊያገኝ ይገባዋል። ያላገኘ እንደ ሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። ያለ ወሩ መወለድ፣ የላንቃ መሰንጠቅ፣ የሰውነት ቢጫ መሆን፣ ሌላም ደዌ አጠባብን ሊያደክም ይችላልና ሁሉን በምላስ ማመካኘት አይገባም።

በተለይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ እንዲያልፍ አንወድም። የምላስ መታሰር ከልደት ቀን ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቀን በደኅና ሲጠባ ቆይቶ በድንገት መጥባት የተወ ሕፃን ምላሱ ታስሮ አይደለም፤ ታሞ ነው። ትኵሳት ወይም የገላ መቀዝቀዝ፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ መንቀጥቀጥ ቢታይበትም ባይታይበትም፣ ከዚያው ቀን ሳያልፍ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። አፉ ተቈልፎ መጥባት ያቃተው ሕፃን ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ይዞት ሊሆን ይችላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ እንዳስወገደች ተመስክሮላታል፤ ተወገደ ማለት ግን በየወረዳው ከ1,000 ሕያው ልደት ከአንድ በታች ሆነ ማለት እንጂ ከቶ አይገኝም ማለት አይደለም።

ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሌላ ሕመም አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ እናቲቱ ግን አሁንም የምትሠቃይና ሕፃኑ የማይጠግብ ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ ልጓሟን መቍረጥ የተገባ ነው። ሥራው አጭር ነው። ሕፃኑ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ አንድ ሰው ራሱን ይይዝለታል፤ ሐኪሙ ምላሱን አንሥቶ በሚገባ በተዘጋጀ ንጹሕና ጫፉ ባልሾለ መቀስ ስሷን እጥፋት ይቈርጣል። ጥቂት ጠብታ ደም ይወጣል፤ ሕፃኑም ወዲያው ወደ እናቱ ጡት ይመለሳል፤ መጥባቱ ራሱ ደሙን ያቆመዋል፣ ልቅሶውንም ያስተወዋል። በማግሥቱ ከምላሱ ሥር ነጭ ወይም ቢጫ ነገር ቢታይ ቍስሉ እየዳነ መሆኑ ነው እንጂ መግል አይደለም። ጥርስ ላወጣና ከፍ ላለ ልጅ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም፤ ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ መድኃኒት ያስፈልገዋልና በሆስፒታል ይፈጸማል።

አጭር ማለታችን ማንም ይሥራው ማለታችን አይደለም። ከምላስ ሥር በግራና በቀኝ የደም ሥሮች አሉ፤ የምራቅ መውጫ ቀዳዳዎችም በዚያው ይገኛሉ። መቀሱ ጥቂት ቢያልፍ ጉዳቱ ብዙ ነው። ከዚህም ሌላ በቤተ ሰቡ ውስጥ ደሙ ቶሎ የማይቆም ሰው መኖሩን፣ ሕፃኑም በተወለደ ጊዜ ቫይታሚን ኬ የተባለውን መርፌ መወጋቱን ሳይጠይቁ መቍረጥ አደገኛ ነው። በጤና ተቋም የተወለደ ሕፃን ይህን መርፌ ያገኛል፤ በቤት የተወለደ ግን ሳያገኝ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት ያለ መርፌው ሊቀሩ የሚችሉ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር ደረስን። በአገራችን የሕፃናትን አፍ በምላጭ የመንካት ልማድ ከቀድሞ ጀምሮ አለ። ሕፃኑ ሳል ሲይዘው እንጥሉ ወረደ ተብሎ እንጥሉ ይቈረጣል፤ ተቅማጥ ሲይዘው ግግ አወጣ ተብሎ ድዱ ተፈልፍሎ ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱ ይነቀላል። ከዚህ የተነሣ ደም ፈስሶባቸው፣ ቍስላቸው መርቅዞ፣ በመንጋጋ ቆልፍም ተይዘው የሞቱ ሕፃናት ስንት እንደ ሆኑ ቈጥሮ የሚጨርስ የለም። በአንድ ምላጭ ብዙ ሕፃናትን መንካትም ከአንዱ ወደ ሌላው ደዌ ያስተላልፋል። በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣው የወንጀል ሕጋችን በ561ኛውና በ562ኛው አንቀጽ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ጐጂ ልማዳዊ ድርጊት ከልክሏል፤ እንጥል መቍረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልንም በስም ጠርቶ፣ በዚህ ምክንያት ሞት ወይም የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲቀጣ ደንግጓል።

እንጥል ለመቍረጥ እጁን ያስለመደ ሰው፣ ምላስ ሲታሰር ሐኪሞችም ይቈርጡታል የሚል ወሬ የሰማ እንደ ሆነ፣ ምላጩን ወደ ምላስ ሥር ለማዞር ብዙ የሚያመነታ አይመስለንም። በውኑ ይህን ፈርተን ነገሩን ከሕዝብ ልንሰውረው ይገባልን? አይገባም። የተሰወረ ነገር ከሐኪሙ ይልቅ ለወጌሻው ይመቻል። ነገር ግን ስለ ምላስ መታሰር ሕዝብን የሚያስተምር ሰው ሁሉ በዚያው ቃሉ ልዩነቱን ማስረዳት አለበት። እንጥል ለመዋጥና ለመናገር የሚጠቅም ሕዋስ ነው፤ ሳልንም አያመጣም። ግግ የተባለውም ሊወጣ የተቃረበ ጥርስ ነው፤ ተቅማጥንም አያመጣም። ሐኪም የሚቈርጣት ልጓም ግን መጥባትን በእርግጥ የከለከለች መሆኗ አስቀድሞ የተመሰከረባት ብቻ ናት። ይህን ልዩነት የማያውቅ አስተማሪ ዝም ቢል ይሻላል።

እኛ ሐኪም በማጣት ስንቸገር፣ ባለጠጎቹ አገሮች ደግሞ ቍርጥን በማብዛት ተቸግረዋል። በአሜሪካ በሆስፒታል መዝገብ ምላሳቸው ታስሯል የተባሉ ጨቅላ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1997 3,934 እንደ ነበሩ፣ በ2012 ግን 32,837 እንደ ደረሱ ተገምቷል። በአውስትራልያም ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልጓማቸው የተቈረጠባቸው በ2006 ከ1,000 ሕፃናት 1.22 ነበሩ፤ በ2016 ግን 6.35 ሆኑ። የሕፃናት ምላስ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተለውጦ ይታሰራል ብሎ የሚያምን ያለ አይመስለንም። የተለወጠው የሚያየው ዐይን ነው። ከፊሉ መልካም ነው፤ እናቶች ወደ ጡት ማጥባት በተመለሱ ጊዜ ቀድሞ ያልታየው ችግር ታየ። ከፊሉ ግን ገንዘብ ያመጣው ነው፤ በጨረር መሣሪያ የሚቈርጡ ክሊኒኮች በዙ፤ የሕፃን ልቅሶና የእንቅልፍ ማጣት ሁሉ በልጓም ይመካኝ ጀመር። የጨረሩ መሣሪያ ዋጋው ውድ ነው፤ ከመቀሱ የተሻለ ውጤት ማምጣቱ ግን አልተመሰከረለትም። በእነዚያ አገሮች የሚኖሩ እኅቶቻችንና ልጆቻችን ይህን ምክር በያሉበት ይሰማሉና፣ ወደ አገር ቤት በስልክ ሲያስተላልፉት ይህንንም ጨምረው ቢያስተላልፉ መልካም ነበር።

መቍረጡ ለሚያስፈልገው ሕፃን የሚጠቅመውስ ምን ያህል ነው? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ምርመራዎችን የሚያነጻጽር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 አምስት ምርመራዎችን፣ በድምሩም የ302 ሕፃናትን ነገር አገናዝቦ፣ የእናቲቱን የጡት ሕመም ለጊዜው እንደሚቀንስ፣ ከባድ ጉዳትም እንዳልታየ ጻፈ፤ በሕፃኑ አጠባብ ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ከምርመራ ምርመራ እንደ ተለያየ ገለጸ። በ2023 የታተመው የብሪታንያ ምርመራም በሦስት ወራቸው ጡት የሚጠቡት ሕፃናት ቍጥር በተቈረጡትም ባልተቈረጡትም ዘንድ ተቀራራቢ እንደ ነበረ አሳይቷል፤ ሳይቈረጡ እንዲቆዩ ከተመደቡት ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ስለ ተቈረጡ ግን ፍርዱ ጥርት ያለ አልሆነም። የእናት ሕመም መቀነስ ብቻ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በስድስተኛው ቀን ጡቷ ደምቶ ማጥባት ልትተው የደረሰች እናት ሕመሟ ለሁለት ሳምንት ቢቀንስላት፣ ልጁ ጡት ይዞ ይቀራል ወይም አይቀርም የሚለው ነገር የሚወሰነው በዚያች ሁለት ሳምንት ነው።

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ በሆስፒታል የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ምላሱ እንዲመረመር አዝዛለች። አሳቡ የቀና ነው። ለእኛ ግን እንዲህ ያለ ሕግ የሚስማማ አይመስለንም። ሕፃን ሁሉ ምላሱን ይታይ ብሎ ማዘዝ፣ በየአፉ ልጓም ማግኘት ነው፤ የተገኘውንም ሁሉ ለመቍረጥ እጅ ይበላል። እናት ሁሉ ስታጠባ ትታይ ተብሎ ቢታዘዝ ግን ምላሱም ሌላውም ችግር በአንድነት ይገለጣል።

ስለ ንግግር የሚጨነቁ ወላጆችም ብዙ ናቸው። ልጁ ሁለት ዓመት አልፎት ቃል ካልተናገረ ዘመዱ ሁሉ ምላሱ ታስሯል ይላል። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጐሮሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ተማክረው ባወጡት ቃል የምላስ መታሰር እንደ ወትሮው ንግግርን አያሰናክልም ብለዋል። የሚያሰናክልበትም ጊዜ ቢኖር የፊደሉን አወጣጥ እንጂ የቃልን መምጣት አያዘገይም። አፉን ያልፈታ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ የማይሰማ ልጅ የሚናገረው የለውምና። አባቶቻችን ካህናት በማርቆስ ወንጌል በ7ኛው ምዕራፍ ያለውን የደንቆሮውን ሰው ታሪክ ያስታውሱ፤ ወንጌላዊው የጆሮውን መከፈት አስቀድሞ፣ የምላሱን መፈታት አስከትሎ ጽፏል።

በዚህ ነገር የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከማንም ይልቅ ሊረዱን ይችላሉ። የኔታ ልጁን በአጠገባቸው አስቀምጠው ፊደሉን አንድ በአንድ ያስቈጥሩታልና፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያቅተው ከወላጁ ቀድመው ይሰማሉ። ለ፣ ረ፣ ነ፣ ተ፣ ደ፣ ጠ የሚነገሩት በምላስ ጫፍ ነው፤ ከ፣ ገ፣ ቀ ግን በምላስ ኋላ፣ በ፣ መ፣ ፈ ደግሞ በከንፈር ይነገራሉ። እንግዲህ ከንና ገን የሚስት ልጅ ምላሱ ታስሯል ቢባል ሐሰት ነው፤ የምትታሰረው የምላስ ጫፍ ናትና። ረን ብቻ የሚኮላተፍ የአራት ዓመት ልጅም አይደነቅበት፤ ይህ ድምፅ በብዙ ቋንቋ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ስድስትና ሰባት ዓመት የሆነው፣ በምላስ ጫፍ የሚነገሩትን ሁሉ የሚስት፣ ምላሱንም ከከንፈሩ አውጥቶ ማሳየት የማይችል ልጅ ሲገኝ፣ የኔታ ጅራፉን አስቀምጠው አባቱን ቢያስጠሩት ይበጃል። መቍረጡም ብቻውን አይበቃም፤ አነጋገርን የሚያስተምር ባለሙያ ያስፈልገዋል። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1601 በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ሐኪሞች ልጓሙን እንደ ቈረጡለት በሐኪሙ በኤሮአር የዕለት መዝገብ ተጽፏል፤ ንጉሡ ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲንተባተብ ኖረ። መንተባተብ ከምላስ ሥር የሚመጣ አይደለምና።

ስለ ከንፈር ልጓም ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከላይኛው ከንፈር ውስጥ ተነሥታ ከድድ ጋር የምትገናኝ ክር ከሕፃን ሁሉ አፍ ትገኛለች፤ በጨቅላነት ዝቅ ብላ ብትታይም መንጋጋው ባደገ መጠን ወደ ላይ ትሸሻለች። እርሷን መቍረጥ መጥባትን እንደሚያሻሽል የተረጋገጠ ነገር የለም። በላይኞቹ የፊት ጥርሶች መካከል ስለሚኖረው ክፍተት የሚሠጉም አሉ፤ ብዙው ጊዜ ግን ልጁ ከ11 እስከ 12 ዓመት ሆኖት ቋሚ ክራንቻዎቹ በወጡ ጊዜ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ካልተዘጋም የጥርስ ሐኪም በዚያን ጊዜ ያየዋል። ደግሞስ ፍንጭት እያለ በሚያሞግስ አገር ውስጥ ለዚህ ብሎ የሕፃን ከንፈር ማስቈረጥ ምን ይባላል!

ስለዚህ ከሹማምንቱ የምንለምነው አዲስ ሕንጻና አዲስ መሣሪያ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እናትና ሕፃን በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ቀን ግድም፣ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን ውስጥና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል። በእነዚህ ቀኖች እናቲቱ በደኅና ታጠባ እንደ ሆነ በቃል ጠይቆ መዝገብ መሙላት ይቅርና፣ ስታጠባ ትታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ወደ ቤት በሄደች ጊዜ እንዲሁ ታድርግ። ጡቷ የቈሰለ እናት ስትገኝ የሕፃኑ ምላስ ይመርመር። በየዞኑ ሆስፒታል ይህን ሥራ የተማረ አንድ ሰው ይኑር፤ ጤና ጣቢያዎችም ወደ ማን እንደሚልኩ ይወቁ። መቀሱ በየሆስፒታሉ አለ፤ የጐደለው የሚልክና የሚቀበል ነው። የነፍስ አባቶችም የክርስትናውን 40 ወይም 80 ቀን ሳይጠብቁ፣ በአራስ ቤት ወተቴ አልተስማማውም የሚል ቃል በሰሙ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ፤ ቅቤ አውጡለት፣ ወጌሻ ጥሩለት የሚለውንም ምክር በሥልጣነ ቃላቸው ይከልክሉ።

መንገዱ ሩቅ ሆኖ ቀጠሮውም የዘገየ እንደ ሆነ እናቲቱ ጡቷን እንዳታስነጥፍ ትመከር። እጇን ታጥባ፣ ወተቷን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን እየታለበች፣ በተቀቀለ ሲኒ ውስጥ ታድርገው። ሕፃኑን ቀና አድርጋ ታቅፋ የሲኒውን ከንፈር ወደ ታችኛው ከንፈሩ ታስጠጋለት፤ ወተቱን ግን በአፉ ውስጥ አታፍስስበት፤ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይጠጣዋል። ጡጦ አትግዛለት።